ግሬስ ሆፐርና የኮምፓይለር አጀማመር

ግሬስ ሆፐር በ1906 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው) በኒው ዮርክ ከተማ ተወለዱ። በሰባት ዓመታቸው የደወል ሰዓት አሠራርን ለማወቅ ሲሉ በቤት የነበሩትን ሰባት ሰዓቶች በሙሉ ፈታተው እንደ ነበረና እናታቸውም ከዚያ በኋላ አንዲቱን ብቻ እንደ ፈቀዱላቸው ይነገራል። በ1934 ዓ.ም. ከዬል ዩኒቨርሲቲ በሒሳብ የዶክትሬት ማዕርግ ተቀብለው በቫሳር ኮሌጅ አስተማሪነታቸውን ቀጠሉ።

ጦርነቱ ይህን ሰላማዊ ኑሮ ለወጠው። በ1943 ዓ.ም. ወደ ባሕር ኃይል ተጠባባቂ ጦር ሲገቡ ዕድሜያቸው የገፋ፥ ክብደታቸውም ከተወሰነው በታች ስለ ነበረ በልዩ ፈቃድ ተቀበሏቸው። በተከታዩ ዓመት በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ በሃዋርድ ኤይከን አለቅነት ይሠራ ወደ ነበረው ማርክ 1 ወደ ተባለው የሒሳብ መኪና ተመደቡ። መኪናው 15 ሜትር ያህል ርዝመት ነበረው፤ በአንድ ሴኮንድ ሦስት ጊዜ ብቻ ይደምር ነበር፤ ትእዛዙንም ከተበሳ የወረቀት ጥቅል ላይ ያነብ ነበር።

በዚያ የነበሩት ፕሮግራመሮች አንድ ልማድ ነበራቸው። አንድ ሰው ለምሳሌ ሳይንን የሚያሰላ የትእዛዝ ቁራጭ አዘጋጅቶ ትክክለኛነቱን ካረጋገጠ በኋላ በደብተሩ ይመዘግበዋል፤ ሌላውም ሲቸግረው ተውሶ በእጁ ይገለብጠዋል። ነገር ግን ሰው መገልበጥ አይሆንለትም። የባዶ ቦታ ምልክት የነበረችው ዴልታ አራት ቁጥር ትሆናለች፤ ቢ የተባለው ፊደል 13 ሆኖ ይገኛል። በዚህ ላይ ቁራጩ በአዲሱ ፕሮግራም ውስጥ ሲገባ የማስታወሻ አድራሻዎቹ ሁሉ እንደገና መደመር አለባቸው፤ በመደመርም ሰው ይሳሳታል። ሆፐር በዚህ ችግር ውስጥ ያዩት ነገር ቀላል ነበር፤ መገልበጥና መደመር የመኪና ሥራ ነው።

ሐሳቡ ፍሬ ያፈራው ግን በሃርቫርድ አልነበረም። በዚያ ቋሚ ቦታ ስላላገኙ በ1949 ዓ.ም. ፊላዴልፊያ ወደሚገኘው የኤከርትና የሞክሊ ኩባንያ ሄዱ፤ ዩኒቫክ የተባለው ኮምፒዩተር የተሠራው በዚህ ነው። በመጠጥ ክፉኛ የተቸገሩትም በዚሁ ዘመን እንደ ነበረ የሕይወት ታሪካቸው ጸሐፊዎች መዝግበዋል።

ኤ-0 የተባለው ኮምፓይለራቸው በ1952 ዓ.ም. ተሠራ። የተፈተኑት ቁራጮች በማግኔት ቴፕ ላይ ተቀድተው ለእያንዳንዳቸው የመጥሪያ ቁጥር ተሰጠ። ፕሮግራመሩ ቁጥሮቹን በተራ ከጻፈ መኪናው ከቴፑ ፈልጎ ያወጣቸዋል፥ አድራሻቸውን ራሱ ያስተካክላል፥ አጋጥሞም አንድ የተሟላ ፕሮግራም ያደርጋቸዋል። በዛሬው አነጋገር ሥራው ከኮምፓይለር ይልቅ ወደ ማጋጠሚያ ፕሮግራም ይቀርባል፤ ቢሆንም መንገዱን ከፍቷል። በዘመኑ ሌላ ዘዴም ነበረ፤ መኪናው የተመዘገበውን ትእዛዝ በሠራ ቁጥር እየተረጎመ እንዲሄድ ማድረግ። ይህ ለአንድ ጊዜ ሥራ ይበቃል፤ ሺህ ጊዜ ለሚደጋገም ሥራ ግን ሺህ ጊዜ መተርጎም ነው። ኤ-0 ዝግጅቱን አንድ ጊዜ ይጨርሳል። ዛሬም በጽሑፍ ማረሚያ ፕሮግራም ላይ የጣቶቹን ምት ቀድቶ የሚያስደጋግም ሰው፥ ቅጂውን ወደ ተጠናቀቀ ኮድ ለመለወጥ ሲነሣ የሚገጥመው ምርጫ ይኸው ነው።

የሚያምናቸው ጥቂት ነበር። ኮምፒዩተር ሒሳብ ከማስላት በቀር ፕሮግራም ሊጽፍ አይችልም ይባል ነበርና የተሠራው ኮምፓይለር ሳይነካ ቆየ። በእንግሊዝኛ ቃላት ፕሮግራም ለመጻፍ ባሰቡ ጊዜም ተቃውሞው በረታ። መኪናው ለየትኛውም ቋንቋ እንደማያደላ ለማስረዳት ትእዛዞቹን በፈረንሳይኛና በጀርመንኛ ጭምር አዘጋጅተው ለሹማምንቱ አሳዩ፤ ውጤቱ ግን ተቃራኒ ሆነ። በፔንሲልቫኒያ የተሠራ መኪና ፈረንሳይኛ ማወቁ ሹማምንቱን አስደነገጣቸው፤ ሆፐርም በእንግሊዝኛ ብቻ እንደሚሠሩ ቃል ለመግባት ተገደዱ። ፍሎማቲክ የተባለው ቋንቋ ከዚህ ተወለደ፤ በ1959 ዓ.ም. ኮቦል ሲነደፍም ዋና መሠረት ሆነ። ኮቦልን ግን የጻፈው ኮሚቴ ነው፤ እሳቸው አማካሪ ነበሩ።

ባሕር ኃይሉ በ1966 ዓ.ም. በጡረታ አሰናብቷቸው ሳለ በተከታዩ ዓመት ለስድስት ወር ብሎ መልሶ ጠራቸው። ስድስቱ ወር ወደ ሃያ ዓመት ተጠጋ፤ በ1986 ዓ.ም. በ79 ዓመታቸው በሪር አድሚራል ማዕርግ ተሰናበቱ። በየአዳራሹ ንግግር ሲያደርጉ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል የሚረዝም ሽቦ ለአድማጮች ያድሉ ነበር፤ ኤሌክትሪክ በአንድ ሴኮንድ ቢሊዮንኛ ከዚያ በላይ ሊጓዝ አይችልም። በጃንዋሪ 1 ቀን 1992 ዓ.ም. አርፈው በአርሊንግተን ብሔራዊ መካነ መቃብር ተቀበሩ።