የኦሳሙ ቴዙካ የሕይወት ታሪክ

ስማቸው ከአገራቸው አልፎ በዓለም የታወቀላቸው ሰዎች ብዙዎች ናቸው። ከነዚህም አንዳንዶቹ በጦር ሜዳ፥ አንዳንዶቹ በመንግሥት ሥራ፥ ሌሎቹም በጥበብና በምርምር የታወቁ ናቸው። እኛ በዚህ ጽሑፍ ታሪኩን በአጭሩ የምንናገርለት ሰው ግን ስሙ የተጠራው በእርሳስና በወረቀት ነው፤ እርሱም ጃፓናዊው ሠዓሊና የካርቱን ፊልም ሠሪ ኦሳሙ ቴዙካ ነው። ይህን ሰው የመረጥንበት ምክንያት አለን። የመጨረሻውን ክፍል ጨርሰን ከትምህርት ቤታችን ልንሰናበት በተቃረብንበት በዚህ ዓመት፥ ሁላችንም ምን ሥራ ልንይዝ ነው እያልን እናስባለን፤ ወላጆቻችንም ከእኛ ጋር ያስባሉ። ቴዙካም በእኛ ዕድሜ ሳለ ይኸው ጥያቄ ገጥሞት ነበረ። ከዚህ በታች የሚገኙት ዓመቶች ሁሉ የተጻፉት በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ እንዲያስታውስልን እንለምናለን።

ኦሳሙ ቴዙካ በኖቬምበር 3 ቀን 1928 ዓ.ም. ከኦሳካ አጠገብ በምትገኘው በቶዮናካ ከተማ ተወለደ። ያደገው ግን ቤተ ሰቡ በኋላ በተዛወሩባት በታካራዙካ ነው። አባቱ በቤት ውስጥ ትንሽ የፊልም ማሳያ መኪና ስለ ነበረው የዎልት ዲስኒንና የቻርሊ ቻፕሊንን ፊልሞች ለልጆቹ ያሳያቸው ነበረ። እናቱም ሴቶች ብቻ ወደሚጫወቱበት ወደ ታወቀው የታካራዙካ ቴአትር ትወስደው ነበረ። ልጁ ሰውነቱ ደቃቃ፥ ጠጕሩ ጥቅልል፥ መነጽርም የሚያደርግ ስለ ነበረ የትምህርት ቤት ጓደኞቹ ያፌዙበት ነበረ። ነገር ግን በደብተሩ ላይ የሣላቸውን ታሪኮች ባዩ ጊዜ ፌዙን ትተው ወዳጆቹ ሆኑ። ደግሞም ጢንዚዛና ቢራቢሮ መሰብሰብ በጣም ይወድ ነበረ፤ የእያንዳንዱንም መልክ ሳያዛንፍ ይሥለው ነበረ። በጃፓን ኦሳሙሺ የሚባል የጢንዚዛ ዓይነት አለ፤ እርሱም ስሙ ከዚህ ጋር ስለ ተመሳሰለለት፥ ለጢንዚዛና ለመሰሎቹ የሚጻፈውን ፊደል በብዕር ስሙ ላይ ጨመረበት።

የሁለተኛው የዓለም ጦርነት በበረታ ጊዜ ተማሪዎች ሁሉ ለጦር መሣሪያ ሥራ ይታዘዙ ስለ ነበረ ቴዙካም ወደ ፋብሪካ ተላከ። በጁን 1945 ዓ.ም. ኦሳካ በአውሮፕላን በተደበደበች ጊዜ የጠላትን መምጣት ለማየት ማማ ላይ ቆሞ ነበረ፤ ቦምቡ በአጠገቡ ወድቆ ብዙ ሰው ሲያልቅ እርሱ ለጥቂት ተረፈ። በዚያው ዓመት ቀደም ብሎ፥ በአፕሪል ወር፥ ሞሞታሮ የሚባለውን ረጅም የካርቱን ፊልም በኦሳካ ሲኒማ ቤት ተመልክቶ ነበረ። ፊልሙ በባሕር ኃይል ትእዛዝ ለጦርነት ቅስቀሳ የተሠራ ቢሆንም፥ የሥዕሉ ውበት የወጣቱን ልብ ነካው፤ አንድ ቀን እርሱም እንደዚህ ያለ ፊልም ለመሥራት በልቡ ቆረጠ።

በዚያው በ1945 ዓ.ም. በኦሳካ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ጀመረ። በሚከተለው ዓመት በጃንዋሪ፥ ዕድሜው 17 ዓመት ሲሆን፥ አጫጭር የሥዕል ታሪኮቹ በአንድ የልጆች ጋዜጣ ላይ መውጣት ጀመሩ። በ1947 ዓ.ም. ደግሞ ከሺቺማ ሳካይ ጋር ሆኖ አዲሱ የሀብት ደሴት የሚባለውን መጽሐፍ አወጣ፤ ይህም መጽሐፍ 400,000 ያህል እንደ ተሸጠ ይነገራል። ጃፓኖች እንዲህ ያለውን በሥዕል የሚነገር ታሪክ ማንጋ ይሉታል። ቴዙካ በማንጋ ላይ የጨመረው ነገር የሲኒማን ዘዴ ነው፤ ይኸውም አንዱን ድርጊት በብዙ ሥዕሎች ከፋፍሎ፥ አንድ ጊዜ ከሩቅ፥ አንድ ጊዜ ከቅርብ እያሳየ፥ የቆመው ሥዕል ለአንባቢው የሚሮጥ እስኪመስለው ድረስ ማቅረብ ነው።

እንግዲህ ቀን ሐኪምነትን እየተማረ ሌሊት ሥዕል ሲሥል ሁለቱን ሥራዎች መምረጥ ግድ ሆነበት። በዚያን ጊዜ በጃፓን ሐኪም የተከበረ ነበረ፤ ማንጋ ሠሪ ግን የልጆች ማጫወቻ ከሚያዘጋጅ ሰው አይበልጥም ነበረ። ነገሩን ለእናቱ ባማከራት ጊዜ ከሁለቱ አብልጦ የሚወደው የትኛው እንደ ሆነ ጠየቀችው፤ ሥዕሉ መሆኑን በነገራትም ጊዜ የሚወደውን እንዲከተል መከረችው። እርሱም ምክሯን ተቀበለ። ይሁን እንጂ የጀመረውን ትምህርት በመካከል አልጣለም፤ እስከ መጨረሻው ተምሮ የሐኪምነቱን የመንግሥት ፈተና አለፈ። ቆይቶም በ1961 ዓ.ም. ስለ ቀንድ አውጣ የዘር ሕዋስ ባደረገው ምርምር ከናራ የሕክምና ዩኒቨርሲቲ የዶክተርነት ማዕርግ ተቀበለ።

በ1952 ዓ.ም. ስሙን ለዘለዓለም ያስጠራለት አቶም የሚባለው ሮቦት በአንድ የልጆች መጽሔት ላይ በራሱ ስም መውጣት ጀመረ። ታሪኩም እንዲህ ነው። ዶክተር ተንማ የሚባል ሊቅ ልጁ በመኪና አደጋ ስለ ሞተበት መልኩ እንደ ልጁ የሆነ ሮቦት ይሠራል። ነገር ግን ሮቦቱ እንደ ሰው ልጅ ስለማያድግ ተቈጥቶ ለሰርከስ ይሸጠዋል፤ በኋላም ኦቻኖሚዙ የሚባል ደግ ፕሮፌሰር ከዚያ አውጥቶ ያሳድገዋል። አቶም የ100,000 ፈረስ ጉልበት አለው፤ በእግሮቹ እሳት እየተፋ ይበርራል፤ ሆኖም ሰዎች እንደ ዕቃ ሲቈጥሩት ያዝናል። ቴዙካ ይህን ያመጣው እንዲያው ከባዶ አይደለም። ከጦርነቱ በኋላ የሰከሩ የአሜሪካ ወታደሮች በመንገድ ላይ አነጋግረውት፥ ቋንቋቸውን ባለማወቁ መልስ ቢያጣ መትተውት ነበረ። በሰውና በሰው መካከል መግባባት ሲጠፋ ምን እንደሚደርስ ከዚያ ቀን ጀምሮ እንዳሰበበት በኋላ ተናግሯል። ስለዚህ አቶም በሰውና በሮቦት መካከል የቆመ አስታራቂ ሆነ።

የልጅነት ምኞቱንም አልረሳም። ከማንጋ ያገኘውን ገንዘብ አውጥቶ ሙሺ ፕሮዳክሽን የሚባለውን የካርቱን ፊልም ድርጅት አቋቋመ፤ በጃንዋሪ 1 ቀን 1963 ዓ.ም. አቶም በቴሌቪዥን መታየት ጀመረ። በየሳምንቱ ግማሽ ሰዓት የሚታይ የካርቱን ታሪክ በጃፓን ሲሠራ ይህ የመጀመሪያው ነው። ሥራው ምን ያህል ከባድ እንደ ሆነ ለመረዳት አንድ ነገር ማወቅ ይበቃል፤ ፊልም በአንድ ሴኮንድ ውስጥ 24 ምስሎች ያሳልፋል። ለእያንዳንዱ አዲስ ሥዕል ይሣል ቢባል አንድ ሳምንት ቀርቶ ወራትም አይበቁም። ስለዚህ ቴዙካና ረዳቶቹ የሥዕሉን ቍጥር ቀነሱ፤ ሰው ሲናገር አፉን ብቻ አንቀሳቀሱ፤ አቶም ሲበርር የሚያሳየውን ሥዕል አስቀምጠው ደጋግመው ሠሩበት። በዚህ ዘዴ እስከ 1966 ዓ.ም. መጨረሻ ድረስ 193 ክፍሎች ወጡ። ፊልሙም በ1963 ዓ.ም. ወደ አሜሪካ ተሻግሮ በዚያ አገር ቴሌቪዥን ታየ። በ1965 ዓ.ም. ደግሞ የጫካው ንጉሥ የሚባለውን የነጭ አንበሳ ታሪክ በቀለም ሠራ።

የዚህን ሰው ታሪክ በእውነት ለመናገር ጉድለቱንም መግለጥ ይገባል። ቴዙካ አቶምን ለቴሌቪዥን የሸጠው ከማሠሪያው ባነሰ ዋጋ ነበረ፤ ጉድለቱን ከማንጋውና ከአሻንጉሊት ሽያጭ በሚገኘው ገንዘብ ለመሙላት አስቦ ነበረ። በዚህ ምክንያት ሌሎችም ድርጅቶች በርካሽ ለመሥራት ተገደዱ፤ የሠራተኞቹም ድካም ብዙ፥ ደመወዛቸው ጥቂት ሆነ ብለው እስከ ዛሬ የሚወቅሱት አሉ። እርሱም ራሱ ከዕዳው አላመለጠም፤ በ1971 ዓ.ም. ከድርጅቱ አስተዳዳሪነት ወረደ፤ በ1973 ዓ.ም. ሙሺ ፕሮዳክሽን ከሰረ። ብዙ ሰዎችም የቴዙካ ዘመን አለፈ ብለው ነበረ።

እርሱ ግን እርሳሱን አላስቀመጠም። በዚያው በ1973 ዓ.ም. ብላክ ጃክ የሚባለውን ማንጋ ጀመረ፤ ይህም ፈቃድ ሳይኖረው ሌሎች ያልቻሉትን በሽተኛ ቀድዶ የሚያድን ሐኪም ታሪክ ነው። ከብዙ ዓመት በፊት የተማረው ሕክምና በክፉ ቀን መልሶ ያነሣው በዚህ መንገድ ነው። በ1984 ዓ.ም. አንድ አጭር የካርቱን ፊልሙ በዩጎዝላቪያ በዛግሬብ ከተማ የመጀመሪያውን ሽልማት አገኘ።

የተበተኑት የሙሺ ሠራተኞችም ባክነው አልቀሩም። ከመካከላቸው አንዳንዶቹ በ1972 ዓ.ም. በኋላ ሰንራይዝ የተባለውን ድርጅት መሠረቱ። በአቶም ፊልም ላይ ሠርቶ የነበረው ዮሺዩኪ ቶሚኖ በ1979 ዓ.ም. በዚሁ ድርጅት ጋንዳም የሚባለውን ታሪክ ሠራ፤ የግዙፎቹን የጦር ሮቦቶች ንድፍ ያወጣው ኩኒዮ ኦካዋራ ነበረ። አቶም በራሱ ልብ የሚያስብ ልጅ ሲሆን፥ ጋንዳም ግን ሰው ውስጡ ገብቶ የሚነዳው የጦር መኪና ነው። ሁለቱ የተለያዩ ቢሆኑም፥ ሮቦት በየሳምንቱ በቴሌቪዥን የሚታይበትን መንገድ አስቀድሞ የጠረገው ቴዙካ ነው።

ኦሳሙ ቴዙካ በፌብሩዋሪ 9 ቀን 1989 ዓ.ም. በቶኪዮ በጨጓራ ካንሰር በሽታ ሞተ፤ ዕድሜውም 60 ዓመት ነበረ። በሆስፒታል አልጋ ላይ ሳለ እንኳ ይሥል ስለ ነበረ ሦስት ታሪኮች ሳይፈጸሙ ቀሩ። በሕይወቱ የሣላቸው ገጾች ከ150,000 እንደሚበልጡ ይቈጠራል። በ1994 ዓ.ም. ባደገባት በታካራዙካ በስሙ ሙዚየም ተከፈተለት።

ይህን ታሪክ አንብቦ ሐኪምነት ትርፍ የለውም የሚል ተማሪ ቢኖር ነገሩን አልተረዳውም። ቴዙካ የጀመረውን ትምህርት ፈጽሟል፤ ያም ትምህርት በቸገረው ጊዜ ጠቅሞታል። የሚወደውን ሥራ መምረጡም ከድካምና ከዕዳ አላዳነውም፤ ያዳነው ነገር ቢኖር ሥራውን በወደቀበት ቀን ከመተው ነው። እንግዲህ እኛ ተማሪዎች አንድ ሥራ ከመምረጣችን በፊት፥ ሥራው ስናተርፍበት ብቻ ሳይሆን ስንከስርበትም የምንጸናበት መሆኑን ራሳችንን ብንጠይቅ መልካም ይመስለናል። ወላጆቻችንም እንደ ቴዙካ እናት አስቀድመው ልባችን ወዴት እንዳዘነበለ ቢጠይቁን፥ ምክራቸውን በደስታ እንቀበላለን።