አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌና የቋንቋ ትምህርት

ለቅዱሳን ሐዋርያት በበዓለ ኀምሳ የአሕዛብ ቋንቋ ሁሉ በአንዲት ሰዓት ተገልጦላቸው ነበር። ከእነርሱ በኋላ የተነሣን እኛ ግን ቋንቋን የምናገኘው ሌሊት በመንቃት፣ ቀን በማጥናት፣ በመምህር እግር ሥር በመቀመጥ ነው። ሰጪው አንድ እግዚአብሔር ሲሆን የሚሰጥበት መንገድ ሁለት ሆነ። በሁለተኛው መንገድ፣ ይኸውም በድካም መንገድ ከሄዱት የሀገራችን ሊቃውንት አንዱ አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ናቸው። መዝገበ ቃላታቸውን የማያውቅ የግእዝ ተማሪ የለም ለማለት እንደፍራለን፤ ነገር ግን መጽሐፋቸውን የሚገልጠው ሰው ሁሉ እንዴት እንደ ተማሩና እንዴት እንደ ጻፉ አይመረምርም። በዚህ ጽሑፍ የምንናገረው ስለዚህ ነው።

አለቃ ኪዳነ ወልድ የሸዋ ሰው ናቸው። በእርሳቸው ዘመን የነበረ የቤተ ክርስቲያን ልጅ የሚማርበት ሥርዐት የታወቀ ነው። ሕፃኑ መጀመሪያ ፊደል ይቈጥራል፤ ከዚያ በመልእክተ ዮሐንስ ንባብ ይለምዳል፤ ቀጥሎ ዳዊት ይደግማል። እስከዚህ ድረስ ግእዝን ያነባል እንጂ አይሰማውም። ንባቡ ቋንቋ የሚሆንለት ቅኔ ቤት ሲገባ ነው። በቅኔ ቤት ግስ ይፈታል፤ ርባ ቅምር ይማራል፤ ቃል ከሥሩ እንዴት እንደሚወጣ፣ አንዱ ግስ በአድራጊና በተደራጊ፣ በሩቅና በቅርብ እንዴት እንደሚለዋወጥ ያውቃል። ከዚህም በኋላ በሁለት ቤት ጉባኤ ቃና ይጀምርና እያደገ ሄዶ ስምንት ቤት ያለውን መወድስ ይደርሳል። የትናንቱን ቅኔ ዛሬ መድገም አይፈቀድለትም፤ በየቀኑ አዲስ ቈጥሮ ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም ያርመዋል።

እንግዲህ አስተዋይ ሰው ቢመለከተው፣ ሌላው ዓለም ድርሰት የሚለው ትምህርት ይህ ነው። ምሥጢሩን ማሰብ፣ ቃሉን መምረጥ፣ ቤቱን መመጠን፣ የተሳሳተውን ማረም፣ ሁሉም በቅኔ ቤት አለ። ነገር ግን አንድ ነገር ይጐድለው ነበር፤ እርሱም ብርዕና ቀለም ነው። በቀድሞው ሥርዐት ቁም ጽሕፈት ለብቻው የሚማሩት ጥበብ ስለ ነበረ፣ መጻሕፍትን በቃሉ የሚያወርድ ሊቅ ሆኖ ሳለ በእጁ አንድ መስመር የማይጽፍ ብዙ ነበረ። ትምህርቱ ከአፍ ወደ ጆሮ የሚተላለፍ ሆነ።

ጆሮም ታማኝ ጠባቂ ቢሆን እንኳ የማይለየው ነገር አለ። ሀሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐና ብዙኃኑ ኀ በአማርኛ አፍ አንድ ድምፅ ሆነዋል። ንጉሡ ሠና እሳቱ ሰ፣ አልፋው አና ዐይኑ ዐ፣ ጸሎቱ ጸና ፀሐዩ ፀ እንደዚሁ ናቸው። በግእዝ ግን ሠረቀ በንጉሡ ሠ ሲጻፍ ፀሐይ ወጣ ማለት ነው፤ በእሳቱ ሰ ሲጻፍ ግን ሌባ ሰረቀ ማለት ነው። መሀረ በሀሌታው ሀ አስተማረ፣ መሐረ በሐመሩ ሐ ይቅር አለ ማለት ነው። ፊደሉን ያደበላለቀ ሰው የሚለውጠው የፊደሉን መልክ ብቻ አይደለም፤ ምሥጢሩንም ነው። አለቃ ኪዳነ ወልድ ዕድሜያቸውን የሰጡለት ጕዳይ ይህ ነበር።

ገና በወጣትነታቸው በዘመነ ምኒልክ ወደ ኢየሩሳሌም ተሻገሩ። በዚያም የሸዋውን ሊቅ መምህር ክፍለ ጊዮርጊስን መምህር አድርገው ያዙ። መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ በሮም ለነበረው የቋንቋ ሊቅ ለኢኛትሲዮ ጉዊዲ እ.ኤ.አ. በ1901 ለታተመው የአማርኛና የጣልያንኛ መዝገበ ቃላቱ ብዙ የረዱ ሰው ናቸው። የባዕድ ሀገር ሰው ቋንቋችንን በመዝገብ ሲያሰፍር በቅርብ ያዩት እኚህ መምህር፣ የግእዝንም ሰዋስውና መዝገበ ቃላት በራሳችን ሊቃውንት ብርዕ ለመጻፍ ጀምረው ነበር። ሥራው ግን ከአንድ ሰው ዕድሜ የሚበልጥ ሆነ። ስለዚህ ጅማሬውን ለደቀ መዝሙራቸው ለኪዳነ ወልድ አደራ ሰጡ።

አደራውን የተቀበለው ደቀ መዝሙር ወዲያው ለማሳተም አልቸኰለም። ግእዝን በሚገባ ለመጻፍ ግእዝ ብቻ እንደማይበቃ ዐውቆ እንደ ገና ተማሪ ሆነ። ኢየሩሳሌም ለዚህ የተመቸች ከተማ ናት፤ በገበያዋ ዐረብኛ ይሰማል፤ ሶርያውያን በሱርስት ይቀድሳሉ፤ አይሁድ ኦሪትን በዕብራይስጥ ያነባሉ። አለቃ ኪዳነ ወልድ ሦስቱን ቋንቋዎች ተማሩ። ይህም በቅኔ ቤት ለሊቅነት በቅቶ የነበረ ሰው ዳግመኛ እንደ ሕፃን ፊደል ይቈጥር ዘንድ ራሱን ዝቅ ማድረግ ነበር። ቋንቋ መማር ከሁሉ አስቀድሞ ትሕትና የሚጠይቀው ስለዚህ ነው።

ጥቅሙንም በምሳሌ እናሳይ። ግእዝ ከእነዚህ ቋንቋዎች ጋራ የአንድ ቤት ልጅ ነውና፣ የእኛ ጆሮ ያጠፋውን ልዩነት እኅቶቹ ጠብቀው ይገኛሉ። ዐረቡ ፀሐይ ወጣ ሲል ሸረቀ፣ ሌባ ወሰደ ሲል ግን ሰረቀ ይላል፤ ሁለቱን አይቀላቅልም። ስለዚህ በግእዝ ሁለት ፊደል መኖሩ ያለ ምክንያት እንዳልሆነ ይመሰክርልናል። በ44ኛው መዝሙር ምላስን በጸሓፊ ብርዕ የሚመስለው ቃል በዕብራይስጡ ሲነበብ፣ ብልሁ ጸሓፊ ማሂር ይባላል፤ ድምፁም ከሀሌታው ሀ ጋራ የሚተካከል ነው። ከዚህም መሀረ ማለት አስተማረ በየትኛው ሀ እንደሚጻፍ እንረዳለን። ሌላ ቋንቋ መማር የራስን ቋንቋ ያስረሳል ብለው የሚሠጉ አሉ። የአለቃ ኪዳነ ወልድ ሕይወት ግን የሚያሳየው ተቃራኒውን ነው፤ ሦስት ቋንቋ የተማሩት አራተኛውን፣ ማለት የአባቶቻቸውን ቋንቋ ለመጠበቅ ነበርና።

በኢየሩሳሌም ሠላሳ ዓመት ያህል ከተቀመጡ በኋላ፣ በአልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን ጥሪ ወደ ሀገራቸው ተመለሱ። የመጽሐፈ ሕዝቅኤልን ንባብና ትርጓሜ አዘጋጅተው በ1916 ዓ.ም. ለኅትመት አበቁ። ከትርጓሜ መጻሕፍት ሁሉ ሕዝቅኤል የከበደ እንደ ሆነ የመጻሕፍት መምህራን ያውቃሉ፤ በቋንቋ የደከሙት ድካም ለቤተ ክርስቲያን ጕባኤ የተረፈው በዚህ ነው።

ዋናው ሥራቸው ግን የመምህራቸው አደራ ነበረ። ስሙ መጽሐፈ ሰዋስው ወግስ ወመዝገበ ቃላት ሐዲስ ይባላል፤ ንባቡ ግእዝ፣ ፍችው አማርኛ ነው። ሰዋስውን አስቀድሞ ካስተማረ በኋላ ግሱን እስከ ነዘሩ በተራ ይዘረዝራል፤ ከእኅት ቋንቋዎችም ያስተያያል። የቃላቱ ተራ በሀለሐመ ሳይሆን በአበገደ ነው። ይህ ተራ ለዳዊት ደጋሚ እንግዳ አይደለም፤ በ118ኛው መዝሙር አሌፍ፣ ቤት፣ ጋሜል፣ ዳሌጥ እያለ የሚሄደው እርሱ ነውና። አለቃ ኪዳነ ወልድ የጥንቱ ተራ አበገደ ነው ብለው ያምኑ ነበር። በዚህ ነገር እውነቱን ለመናገር፣ ሀለሐመም በጥንትነቱ የሚናቅ አይደለም። የጥንት የደቡብ ዐረብ ፊደላት በዚህ ተራ ይቈጠሩ ነበር፤ በቤትሳሚስ ቍፋሮ የተገኘ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት የ13ኛው መቶ ዓመት ነው የሚባል የሸክላ ጽሑፍም ይህንኑ ተራ ይዟል። ስለዚህ ሁለቱም ተራዎች የጥንት ናቸው። የሊቁ ክብር ግን በዚህ አይጐድልም፤ ደቀ መዛሙርት ከመምህራቸው በኋላ የተገኘውን ዕውቀት ቢጨምሩ መምህሩ የተከለው አፈራ ማለት ነው።

ጸሓፊው የመጽሐፋቸውን መታተም አላዩም። በ1936 ዓ.ም. ዐረፉ። ብዙ ሊቃውንት ሲያርፉ ዕውቀታቸው አብሯቸው ይቀበራል፤ በእርሳቸው ግን እንዲህ አልሆነም፤ ሁለት ነገር ስላደረጉ ነው። አንደኛ፣ የሚያውቁትን በወረቀት ላይ አኑረው ነበር። ሁለተኛ፣ ወረቀቱን የሚረዳ ሰው አስተምረው ነበር። ደቀ መዝሙራቸው ደስታ ተክለ ወልድ የቀረውን ፈጽመው፣ አርመው፣ መጽሐፉን በ1948 ዓ.ም. በአዲስ አበባ አሳተሙት። ይህም ሊቁ ካረፉ ከ12 ዓመት በኋላ ነው። ደስታ ተክለ ወልድ ደግሞ በ1962 ዓ.ም. የታተመውን የራሳቸውን የአማርኛ መዝገበ ቃላት ለሀገር አበረከቱ። እነሆ፣ አንድ ሥራ በሦስት ትውልድ እጅ አለፈ፤ የመጀመሪያው ጀመረ፣ ሁለተኛው ደከመ፣ ሦስተኛው ፈጸመ። ከሦስቱ አንዱ አደራውን ቢጥል ኖሮ ዛሬ በእጃችን ያለው መጽሐፍ ባልኖረ ነበር።

ከዚህ ሕይወት የምንማረው ብዙ ነው፤ እኛ ግን ሦስቱን ብቻ እናስታውስ። የአብነት መምህራን ሆይ፣ ደቀ መዝሙር የቈጠረውን ቅኔ በቃሉ ከነገረ በኋላ በእጁ ጽፎ ቢያሳይ መልካም ነው፤ ጆሮ ያለፈውን ስሕተት ዐይን ይይዘዋልና። ምሥጢሩ ብቻ ሳይሆን ፊደሉም ይታረምለት። በአስኳላ የምታስተምሩ ደግሞ ለልጆች የባዕድ ቋንቋ ስታስተምሩ የራሳቸውን ሰዋስው አስቀድሙላቸው፤ የራሱን ግስ ያላወቀ የሌላውን ግስ የሚመዝንበት ሚዛን የለውም። ተማሪዎችም ብዙ ቋንቋ በአንድ ዓመት እንወቅ ብላችሁ አትቸኵሉ፤ በየቀኑ ጥቂት አንብቡ፣ ጥቂት ጻፉ፣ የጻፋችሁትንም ለሚያርም ሰው አሳዩ።

ዛሬ ወረቀት በዝቷል፤ ማተሚያ ቀሏል፤ ያለ ብርዕም መጻፍ ተችሏል። ነገር ግን ፊደሉን የሚለይ ዐይንና አደራውን የሚሸከም ትከሻ እንደ ጥንቱ በትዕግሥት የሚገኙ ናቸው። በየቤታችንና በየደብራችን ከአባቶች አንደበት ብቻ የሚገኝ፣ ገና ያልተጻፈ ስንት ዕውቀት አለ! ባለቤቶቹ ሳያልፉ እንማረው፤ ተምረንም እንጻፈው።

የጥበብ ባለቤት እግዚአብሔር የአባቶቻችንን ነፍስ በአጸደ ገነት ያሳርፍልን፤ ለእኛም አደራ የመቀበልን ልብ ይስጠን። አሜን።