45 ሰሌዳ በጭንቅላቱ ይዞ ቤተሰቡን የፈለገው የቼዝ ሊቅ

ስልካችሁ ላይ ቼዝ የምትጫወቱ ከሆነ ናይዶርፍ የሚለውን ስም ሳታዩት አልቀራችሁም። በሲሲሊያን መከላከያ ጥቁሩ በአምስተኛው እርምጃ ዳር ላይ ያለችውን ወታደር አንድ ቤት ብቻ ወደፊት ሲገፋ የሚወጣው ስም ነው። ቦቢ ፊሸርም ጋሪ ካስፓሮቭም ይህን አጨዋወት አብዝተው ተጠቅመውበታል።

ግን ናይዶርፍ የሰው ስም መሆኑን ስንቶቻችን እናውቃለን? ዛሬ የዚህን ሰው ታሪክ ይዘንላችሁ መጥተናል።

ሚጌል ናይዶርፍ እ.ኤ.አ በ1910 በፖላንድ ዋና ከተማ ዋርሶ አቅራቢያ ከአይሁድ ቤተሰብ ተወለደ። ያኔ ስሙ ሚጌል ሳይሆን ሞይሼ ነበር። ቼዝ የጀመረው በልጅነቱ ሲሆን በኋላም በዘመኑ ከነበሩት ታላላቅ ተጫዋቾች አንዱ የሆነውን ሳቪየሊ ታርታኮቨርን እንደ መምህሩ ያይ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ሁለቱ ለፖላንድ ብሔራዊ ቡድን አብረው መሰለፍ ጀመሩ።

እዚህ ጋ ስለ ቼዝ ኦሊምፒያድ ትንሽ እንበል። ቼዝ የአንድ ለአንድ ጨዋታ ቢሆንም አገሮች በቡድን የሚገጥሙበት ውድድርም አለው። የመጀመሪያው ይፋዊ ኦሊምፒያድ በ1927 ለንደን ላይ ተካሄደ። አራት ተጫዋች ከአራት ተጫዋች ጋር በአራት ሰሌዳ ይገጥማል፤ ያሸነፈ አንድ ነጥብ፣ አቻ የወጣ ግማሽ ነጥብ ለአገሩ ያመጣል። ፖላንድ በዚያ ዘመን ኃያል ነበረች። በ1930 ዋንጫውን ወስዳለች፤ ናይዶርፍ በተሰለፈባቸው በ1935ቱና በ1937ቱ ውድድሮች ደግሞ ሦስተኛ ወጥታለች።

ከዚያ 1939 መጣ። ኦሊምፒያዱ ለመጀመሪያ ጊዜ ከአውሮፓ ውጪ፣ አርጀንቲና ዋና ከተማ ቦነስ አይረስ ላይ እንዲካሄድ ተወሰነ። የአውሮፓ ቡድኖች በመርከብ ተሳፍረው አትላንቲክ ውቅያኖስን አቋረጡ። ናይዶርፍም ሚስቱንና ልጁን ዋርሶ ትቶ ሄደ። ለጨዋታ ሄዶ የሚመለስ ነበር የመሰለው።

ውድድሩ ነሐሴ መጨረሻ ላይ ተጀመረ። ገና በመካከሉ ላይ ሳለ፣ ሴፕቴምበር 1 ቀን፣ የሂትለር ጦር ፖላንድን ወረረ። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ተጀመረ ማለት ነው።

አስቡት እስቲ! ጀርመኖችም ፖላንዶችም አንድ አዳራሽ ውስጥ ናቸው። የእንግሊዝ ቡድን ውድድሩን አቋርጦ ወደ አገሩ ተመለሰ። የቀሩት ግን ቀጠሉ። ጀርመንና ፖላንድ እርስ በርስ የሚገጥሙበት ቀን ሲደርስ ግን ማንም ሰሌዳ ላይ አልተቀመጠም። ጨዋታው ሳይደረግ 2 ለ 2 ተብሎ ተመዘገበ።

ውጤቱ ደግሞ ይበልጥ ያሳዝናል። ጀርመን በ36 ነጥብ አንደኛ፣ ፖላንድ በ35 ነጥብ ተኩል ሁለተኛ ሆነው ጨረሱ። ልዩነቱ ግማሽ ነጥብ ብቻ! ናይዶርፍ በሁለተኛ ሰሌዳ ካሰለፉት ተጫዋቾች ሁሉ በልጦ የግል ወርቅ ወሰደ። ነገር ግን ሜዳሊያውን ይዞ የሚገባበት ቤት አልነበረውም። ውድድሩ ባለቀ በጥቂት ቀናት ውስጥ ዋርሶ በጀርመን እጅ ወደቀች።

ብዙ ተጫዋቾች እዚያው አርጀንቲና ቀሩ። የሚገርመው የአሸናፊው የጀርመን ቡድን አባላትም አልተመለሱም። ታርታኮቨር ግን ወደ አውሮፓ ተመልሶ ናዚን ከሚዋጉት ነፃ ፈረንሳዮች ጋር ተቀላቀለ። ናይዶርፍ አይሁዳዊ ነው፤ ቢመለስ የሚጠብቀው ሞት ነበር። ስለዚህ ባዶ እጁን፣ ቋንቋውን በማያውቀው አገር ኑሮ ጀመረ። በ1944 የአርጀንቲና ዜግነት አገኘ። ሞይሼ ቀርቶ ሚጌል ተባለ። የቤተሰቡን ስም ግን አልቀየረም።

ይህ ስም ነው እንግዲህ የታሪኩ ቁልፍ። ናይዶርፍ እንዲህ ሲል አሰበ። ዓለምን የሚያስገርም ነገር ብሠራ ጋዜጦች ስሜን ይጽፋሉ። ጋዜጣው አውሮፓ ይደርሳል። ከቤተሰቦቼ በሕይወት ያለ ሰው ካለ ስሙን አይቶ የት እንዳለሁ ያውቃል፤ ይፈልገኛል።

ምን ይሥራ? የሚችለው ቼዝ ነው። በቃ፣ ሰሌዳ ሳያይ ከብዙ ሰው ጋር በአንዴ ለመጫወት ወሰነ። በ1943 ሮዛሪዮ በምትባል የአርጀንቲና ከተማ በ40 ሰሌዳ ተጫውቶ ክብረ ወሰን ሰበረ። መልስ አልመጣም።

ጦርነቱ አለቀ። አሁንም ዝም። በጃንዋሪ 1947 ብራዚል ሳኦ ፓውሎ ላይ ቁጥሩን ወደ 45 ከፍ አደረገው። ይህ ምን ማለት እንደሆነ እናስላው። 45 ሰሌዳ ማለት ሲጀመር 1,440 ጠጠር፣ 2,880 ቤት ማለት ነው። እሱ አንዱንም አያይም። የሰሌዳው ቁጥርና የተጋጣሚው እርምጃ ይነገረዋል፤ እሱም የራሱን እርምጃ በቃሉ ይመልሳል። ከዚያ ወደ ቀጣዩ ሰሌዳ። ከ23 ሰዓት በላይ ፈጀ። ሲያልቅ 39 አሸንፎ፣ 4 አቻ ወጥቶ፣ የተሸነፈው 2 ብቻ ነበር። ይህን ክብረ ወሰን እስከ 2011 ድረስ፣ ለ64 ዓመት፣ የሰበረው አልተገኘም።

ዜናው ዓለምን ዞረ። ከሚፈልጋቸው ሰዎች ግን ማንም አልደወለም፣ ማንም አልጻፈም። ሚስቱ፣ ልጁ፣ ወላጆቹና ወንድሞቹ በናዚዎች እልቂት አልቀው ነበር።

ሰው ከዚህ በኋላ እንዴት ይነሳል? ናይዶርፍ ተነሳ። ኢንሹራንስ እየሸጠ ሀብት አፈራ፣ እንደገና አገባ፣ ሴት ልጆችም ወለደ። ከጦርነቱ በኋላ የመጀመሪያው ኦሊምፒያድ በ1950 ዱብሮቭኒክ ላይ ሲካሄድ የአርጀንቲና አንደኛ ሰሌዳ ሆኖ ተሰለፈ፤ አገሩን ለብር ሜዳሊያ አበቃ፣ ለራሱም የግል ወርቅ ወሰደ። በዚያው ዓመት የግራንድማስተር ማዕረግ መጀመሪያ ከተሰጣቸው 27 ተጫዋቾች አንዱ ሆነ። አርጀንቲና በ1952ና በ1954ም ከእሱ ጋር ሁለተኛ ወጣች። የአርጀንቲና ሻምፒዮንነትን በተደጋጋሚ ወስዷል። እስከ እርጅናው ድረስ ከቼዝ ሳይለይ በ1997 ስፔን ውስጥ በ87 ዓመቱ አረፈ።

ቤተሰቡ እንዲያየው ብሎ ለዓለም የበተነው ስም ለእነሱ አልደረሰም። ዛሬ ግን ስሙ በየሰው ስልክ ውስጥ አለ። ከእንግዲህ ያቺ የዳር ወታደር አንድ ቤት ስትራመድ ናይዶርፍን አስታውሱት።

እናንተስ ይህን አጨዋወት ሞክራችሁት ታውቃላችሁ? ኮመንት ላይ ጻፉልን፤ ቼዝ ለሚወድ ጓደኛችሁም ሼር አድርጉለት።