የትክትክን ክትባት ያስገኙት ወይዘሪት ፐርል ኬንድሪክ

የመጽሔታችን ያለፉት ዓመታት እትሞች ሲገለጡ የነገሥታት፣ የጦር አለቆችና የደራስያን የሕይወት ታሪክ በብዛት ይገኝባቸዋል። ይህ የሚነቀፍ አይደለም፤ እኔ ግን ዘንድሮ ለመጻፍ የመረጥሁት ዕድሜያቸውን በላቦራቶሪ ውስጥ ስላሳለፉ አንዲት ሴት ነው። ወይዘሪት ፐርል ኬንድሪክ በአገራቸው በአሜሪካ፣ ይልቁንም በሚቺጋን ግዛት፣ ስማቸው በክብር ይነሣል። በእኛ አገር ብዙ ሰው ባያውቃቸውም በዚህ ትምህርት ቤት ከምንማረው ልጆች ብዙዎቻችን ገና ጡት ሳንጥል ከድካማቸው ፍሬ ተካፍለናል፤ በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት ዕድሜ ጭናችን ላይ በምንወጋው መርፌ ውስጥ የትክትክ ክትባት አለበትና። ከዚህ በታች የምጠቅሰው ዓመት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ይወቅልኝ።

ትክትክ ምን እንደ ሆነ እናቶቻችን ያውቁታል። ሲጀምር ተራ ጉንፋን ይመስላል። ከአንድ ወይም ከሁለት ሳምንት በኋላ ግን ሳሉ እየተከታተለ ይመጣና ልጁ ትንፋሽ የሚስብበት ፋታ ያጣል፤ በመጨረሻ አየሩን በኃይል ሲስብ ጉሮሮው እንደ ፉጨት ያለ ድምፅ ያወጣል፤ ብዙ ጊዜም ያስመልሰዋል። ይህ ለሳምንታት ይቀጥላል። ገና ጥቂት ሳምንት የሆነው ጨቅላ ሕፃን ሲታመም ነገሩ የከፋ ነው፤ ለመሳልም ሆነ ያን ድምፅ ለማሰማት ዐቅም ስለሌለው ዝም ብሎ ትንፋሹ ይቆማል፤ ከንፈሩም ይጠቁራል። የበሽታውን ባክቴሪያ የቤልጅግ ሊቃውንት ዡል ቦርዴና ኦክታቭ ዣንጉ በ1906 ዓ.ም. ለይተው ማሳደጋቸውን ገለጹ። ባክቴሪያው ከታወቀ በኋላ ግን የሚታመንበት ክትባት እስኪገኝ ድረስ 30 ዓመት ያህል አልፏል። በ1930ዎቹ ዓመታት በአሜሪካ ብቻ በየዓመቱ 6,000 ያህል ሰዎች በትክትክ ይሞቱ ነበር፤ ከእነዚህም አብዛኞቹ ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት ነበሩ።

ወይዘሪት ኬንድሪክ በ1890 ዓ.ም. በኢሊኖይ ግዛት ዊተን በምትባል ከተማ ከሰባኪ ቤተ ሰብ ተወለዱ። በሦስት ዓመታቸው ትክትክ ያዛቸውና ዳኑ። በ1914 ዓ.ም. ከሲራኪዩዝ ዩኒቨርሲቲ ተመርቀው ጥቂት ጊዜ አስተማሩ፤ ኋላም በኒውዮርክ በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ስለ ባክቴሪያ ተማሩ። በ1920 ዓ.ም. ወደ ሚቺጋን የጤና መሥሪያ ቤት ተዛወሩ፤ በ1926 ዓ.ም. ደግሞ መሥሪያ ቤቱ በግራንድ ራፒድስ ከተማ ያቋቋመው ላቦራቶሪ ኃላፊ ሆኑ። የዶክተርነት ማዕረግ በ1932 ዓ.ም. ከጆንስ ሆፕኪንስ አገኙ። በዚያ ዘመን ሴት ልጅ በዩኒቨርሲቲ ወንበር ማግኘቷ እጅግ አስቸጋሪ ስለ ነበረ፣ ለሳይንስ ፍቅር ያላቸው ብዙ ሴቶች እንጀራቸውን የሚያገኙት በእንዲህ ያሉ የጤና ላቦራቶሪዎች ነበር።

በዚሁ ላቦራቶሪ ዶክተር ግሬስ ኤልደሪንግ የሥራ ጓደኛቸው ሆኑ። እኒህም በሞንታና ግዛት ተወልደው በአምስት ዓመታቸው በትክትክ የታመሙ ናቸው። ሁለቱም በበሽታው አልፈው ማደጋቸውን ሳነብ ተገርሜአለሁ።

በ1932 ዓ.ም. በግራንድ ራፒድስ ትክትክ በረታ። ዘመኑ ታላቁ የኢኮኖሚ ችግር አሜሪካን ያጎሳቆለበት ነበር። ሁለቱ ሴቶች የቀን ሥራቸው ውኃና ወተት መመርመር፣ ለሐኪሞችም የበሽታ ምርመራ ማድረስ ነበረ። ይህን ከጨረሱ በኋላ፣ ሲመሽ፣ በሽተኛ ልጅ ወዳለበት ቤት ይሄዳሉ። በእጃቸው የሚይዙት ደምና ድንች ተቀላቅሎ የተዘጋጀ የባክቴሪያ ምግብ የፈሰሰበትን የብርጭቆ ሣሕን ነው። ልጁ ሲስል ሣሕኑን ከአፉ ፊት ይደግኑታል፤ ከሳሉ ጋር የወጣው ባክቴሪያ በሣሕኑ ላይ ይቀርና በላቦራቶሪ ይበቅላል። ከሚጎበኟቸው ቤቶች ብዙዎቹ አባት ሥራ ያጣባቸው፣ መብራታቸውም የላምባ ፋኖስ የሆነ የድኾች ቤቶች ነበሩ። በፋኖስ ብርሃን ልጁ ትን እያለው ሲንፈራገጥ ያያሉ፤ እናቲቱም ስለ ኑሮዋ ስታወራቸው ያደምጣሉ። እኔ እንደሚመስለኝ ሁለቱን ለዓመታት ሳይታክቱ ያሠራቸው ደመወዛቸው ሳይሆን በእነዚያ ቤቶች ያዩት ነው።

ከሣሕኖቹ ያገኙትን ባክቴሪያ አሳድገው፣ ገድለውና አጣርተው ክትባት ሠሩ። ነገር ግን የትክትክ ክትባት ነው የሚባል ነገር ከእነርሱ በፊትም ሞልቶ ነበር፤ ጉድለቱ እንደሚሠራ የሚያስረዳ ማስረጃ አለመኖሩ ነው። የአሜሪካ ሐኪሞች ማኅበር በ1931 ዓ.ም. እነዚህን ክትባቶች ሁሉ ከሚያውቃቸው መድኀኒቶች መዝገብ እስከ መሰረዝ ደርሶ ነበር። ስለዚህ የሁለቱ ሴቶች ፈተና ክትባቱን ከመሥራት ይልቅ እውነቱን አንጥሮ ማሳየት ሆነ። በመጀመሪያ በእንስሳት ላይ ሞከሩት። ቀጥሎ አደጋ እንደሌለው ለማረጋገጥ በገዛ ክንዳቸው ላይ ተወጉት። ወደ ሕፃናት የሄዱት ከዚያ ወዲያ ነው።

የሕፃናቱ ሙከራ በ1934 ዓ.ም. ተጀመረ። በዚያን ዘመን አንዳንድ ተመራማሪዎች ለእንዲህ ያለው ሥራ ጠያቂ የሌላቸውን የሕፃናት ማሳደጊያ ልጆች ይጠቀሙ ነበር፤ እነዚህ ግን በከተማው ውስጥ ከወላጆቻቸው ጋር የሚኖሩትን ልጆች መረጡ። የተወጉትንና ያልተወጉትን ልጆች በመዝገብ ለይተው ነርሶች በየቤቱ እየዞሩ ማን እንደ ታመመ ይጠይቁ ጀመር። በመጀመሪያው ዘገባ ከተወጉት 712 ልጆች በትክትክ የታመሙት 4 ብቻ ሲሆኑ፣ ካልተወጉት 880 ልጆች 45 ታመሙ። ቁጥሩ ከሚጠበቀው በላይ ያማረ ስለ ሆነ ብዙዎች ተጠራጠሩ። ወይዘሪት ኬንድሪክ በዚህ አልተቀየሙም፤ እንዲያውም በጆንስ ሆፕኪንስ የነበሩትን ታላቁን የወረርሽኝ ሊቅ ዌድ ሃምፕተን ፍሮስትን ጠርተው መዝገባቸውን አስመረመሩ፤ ምክራቸውንም ተቀብለው ሁለተኛ ሙከራ በተሻለ ሥርዓት አካሄዱ። ገንዘብ ባጠራቸው ጊዜ የፕሬዚዳንቱን ባለቤት ወይዘሮ ኤሌኖር ሩዝቬልትን ላቦራቶሪያቸውን እንዲጎበኙ ጋበዙ፤ ወይዘሮይቱም በ1936 ዓ.ም. መጥተው ጎበኙ፤ ከዚያም በኋላ ከመንግሥት ለረዳት ሠራተኞች የሚሆን ገንዘብ ተገኘ። ሁለተኛውም ሙከራ የፊተኛውን አጸናው። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ክትባቱ በሚቺጋን፣ ከዚያም በመላው አሜሪካ ተስፋፋ። በኋላም ጉሮሮ ከሚዘጋው ከዲፍቴሪያና ከመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ጋር በአንድ መርፌ እንዲሰጥ አደረጉ።

በዚህ ላይ የወይዘሮ ሎኒ ጎርደን ስም ሊዘለል አይገባም። ጥቁር አሜሪካዊት ናቸው። ኬሚስትሪ ተምረው ከተመረቁ በኋላ ነጭ ወጥ ቤቶች ከጥቁር ሴት ትእዛዝ አይቀበሉም ተብሎ ሥራ ተከልክለው ነበር። ወይዘሪት ኬንድሪክ በላቦራቶሪያቸው ቀጠሯቸው፤ እሳቸውም እጅግ ብዙ ሣሕኖችን መርምረው ለክትባቱ መሻሻል የጠቀመውን ኃይለኛ የባክቴሪያ ዘር ለዩ።

አሁን ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ወዳደረገኝ ነገር ደረስሁ። ልጆች ከተከተቡም በኋላ አንድ ክፍተት ቀርቶ ነበር። ሕፃን በተወለደበት ቀን የትክትክ ክትባት ቢወጋ ሰውነቱ ገና ስለሆነ በደንብ አይቀበለውም፤ ክትባቱ እስኪጀመርለት ድረስ ባሉት ሳምንታት ደግሞ በሽታው ከሁሉ ይልቅ የሚገድለው እርሱን ነው። ታዲያ እናቲቱ በእርግዝናዋ ጊዜ ብትወጋ በደሟ የሚፈጠረው መከላከያ ወደ ፅንሱ ይተላለፍ ይሆን? ወይዘሪት ኬንድሪክና ጓደኞቻቸው ይህንኑ መረመሩ፤ ነፍሰ ጡር ሴቶችን ከትበው በእናቶቹና በሕፃናቱ ደም ያገኙትን በ1945 ዓ.ም. አሳተሙ። መከላከያው ወደ ሕፃኑ ይተላለፋል። ይሁን እንጂ ነገሩ በዚያው ቀረ። በአንድ በኩል የልጆቹ ክትባት በሽታውን ስላሳነሰው ችግሩ የሚያስቸኩል አልመሰለም፤ በሌላ በኩል ደግሞ ከእናት የመጣው መከላከያ ሕፃኑ ኋላ ከሚወጋው ክትባት የሚያገኘውን ኃይል ይቀንሳል የሚል ሥጋት ተነሣ።

ታላቅ እኅቴ ከባሏ ጋር በአሜሪካ አገር ትኖራለች፤ የመጀመሪያ ልጇንም አርግዛለች። በሰባተኛው ወር ሐኪሟ ትክትክን፣ ዲፍቴሪያንና መንጋጋ ቆልፍን የሚከላከለውን መርፌ እንድትወጋ ነገረቻት። እኅቴ ላስብበት ብላ ወደ ቤቷ ተመለሰች። ከዚያ ወዲህ በየእሑዱ በስልክ የምንነጋገረው ይህንኑ ሆነ። እናቴ ነፍሰ ጡር የራስ ምታት ክኒን እንኳ ሳትውጥ ብትታገሥ ይሻላል ባይ ናት። አባቴ ደግሞ ሐኪም ካዘዘ ምን ክርክር ያስፈልጋል ይላል። እኅቴ በሁለቱ መካከል ሆና እንቅልፍ አጣች። መርፌው ሕፃኑን ቢጎዳው ጥፋቱ የእርሷ መሆኑ ነው፤ ሳትወጋ ቀርታ ሕፃኑ በትክትክ ቢያዝም እንዲሁ። አንብቤ እንድነግራት ጠየቀችኝ፤ እኔም ለባዮሎጂ ትምህርት ያለኝ ፍቅር ስለሚታወቅ አደራውን ተቀበልሁ።

ያገኘሁት እንዲህ ነው። የወይዘሪት ኬንድሪክ ክትባት ከተገደለው ባክቴሪያ ሙሉ አካል የተሠራ ስለ ነበረ ትኩሳትና እብጠት ያበዛ ነበር። በ1970ዎቹ በእንግሊዝ አገር አእምሮ ይጎዳል የሚል ወሬ ተነሥቶ ከ100 ልጆች 80 ያህሉ ይከተቡ የነበረው ወደ 30 ገደማ ዝቅ አለ፤ ወዲያውም ከ100,000 በላይ ሰዎች የታመሙበት ወረርሽኝ መጣ። ኋላ ከባክቴሪያው ጥቂት ክፍሎች ብቻ የተሠራ፣ ትኩሳቱ ያነሰ ክትባት ወጣ፤ ለነፍሰ ጡሮች የሚሰጠው ይህ ነው። ሕይወት ያለው ባክቴሪያ የለበትም። የዚህ ክትባት ኃይል ግን ቶሎ ይደክማል። በ2012 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር ትክትክ እንደ ገና ተነሥቶ 14 ጨቅላዎች ሞቱ፤ በዚያው ዓመት በእንግሊዝም በአሜሪካም ነፍሰ ጡሮች በየእርግዝናቸው እንዲከተቡ ተመከረ። ከዚያም 20,000 ያህል የተከተቡ እናቶች ተመርምረው ፅንስ የሞተባቸው ካልተከተቡት በልጠው አልተገኙም። በ2014 ዓ.ም. የወጣው የእንግሊዞች ጥናት ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ወራት ሕፃኑን ከትክትክ በመጠበቅ ረገድ ክትባቱ 90 በመቶ ያህል እንደሚሠራ አሳየ። የቀድሞው ሥጋትም ፈጽሞ ሐሰት አይደለም፤ ከእናት የመጣው መከላከያ ሕፃኑ ለራሱ ክትባት የሚሰጠውን ምላሽ በጥቂቱ ያለዝበዋል። ይህን ከእኅቴ አልሸሸግሁም። ሐኪሞች ሲመዝኑት ግን የፊተኞቹ ሳምንታት አደጋ ይበልጥባቸዋል፤ ለእኔም እንደዚያው ነው።

እናቴን ያለዘባት ግን የእኔ ቁጥር አይደለም። እኔን ባረገዘች ጊዜ በጤና ጣቢያ የመንጋጋ ቆልፍ መርፌ መወጋቷ ትዝ አላትና ካርዱን ከሣጥን አውጥታ አሳየችን። እኅቴም ቢሆን የወሰነችው እኔን ሰምታ ብቻ አይደለም፤ ሐኪሟን ራሷ በእርግዝናዋ ጊዜ ተወግታ እንደ ሆነ ጠየቀቻት፤ ሐኪሟም በሁለቱም ልጆቿ እንደ ተወጋች ነገረቻት። በ31ኛው ሳምንት ተወጋች። ክንዷን ሁለት ቀን አመማት። ይህ ጽሑፍ ለማተሚያ ቤት በሚሰጥበት ጊዜ ሕፃኑ ገና አልተወለደም።

ወይዘሪት ኬንድሪክ በ1951 ዓ.ም. ከጤና መሥሪያ ቤቱ ወጡ፤ የላቦራቶሪውንም ሥራ ዶክተር ኤልደሪንግ ተረከቡ። ከዚያ በኋላ እስከ 1960 ዓ.ም. በሚቺጋን ዩኒቨርሲቲ አስተማሩ። በዓለም የጤና ድርጅት በኩል ወደ ልዩ ልዩ አገሮች እየሄዱ ክትባቱ እንዴት እንደሚሠራና ኃይሉም እንዴት እንደሚለካ አሳዩ። በዘመናቸው መጨረሻ አካባቢ፣ በ1976 ዓ.ም.፣ በመላው አሜሪካ በዓመት የተመዘገቡት የትክትክ በሽተኞች 1,010 ብቻ ነበሩ፤ ክትባቱ ከመውጣቱ በፊት ቁጥሩ በዓመት ከ200,000 ያልፍ ነበር። በ1980 ዓ.ም. በተወለዱ በ90 ዓመታቸው በዚያችው በግራንድ ራፒድስ ዐረፉ። በነፍሰ ጡሮች ላይ የጀመሩት ጥናት እንደ ገና እስኪነሣ 32 ዓመት ቀርቶት ነበር። ዶክተር ኤልደሪንግ በ1988 ዓ.ም.፣ ወይዘሮ ጎርደን በ1999 ዓ.ም. ተከተሏቸው። በ2019 ዓ.ም. የከተማይቱ ሰዎች የሦስቱን ሴቶች የነሐስ ሐውልት አቁመዋል።