የሞተር ጫጫታ ያስመረረው ሰው

በደሴ መንገድ ዳር ለምንኖር ለከሚሴ ሰዎች የመኪና ጩኸት እንግዳ አይደለም። ስለዚህ ይኸው ጩኸት ዕረፍት የነሳውን የአንድ ሰው ታሪክ እናቀርባለን።

ቻርልስ ዬል ናይት በ1868 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ፣ ኢንዲያና ተወለደ። መሐንዲስ አልነበረም፤ ቺካጎ ላይ ስለ ወተትና ቅቤ ንግድ ጋዜጣ ያሳትም ነበር። መኪና ቢገዛ የቫልቮቹ መንቋቋት አላስቀምጥ አለው። የተለመደው ቫልቭ ሞላ እየገፋው ሲዘጋ ይቀጠቅጣልና። ናይት ታዲያ ቫልቩን ትቶ በፒስተኑና በሲሊንደሩ መካከል አንዱ ባንዱ ውስጥ የሚገቡ ሁለት የብረት ቱቦዎች አደረገ። ቱቦዎቹ ወደላይ ወደታች ሲሉ የጎን ቀዳዳዎቻቸው ይገጥማሉ፤ ባንዱ በኩል ቤንዚንና አየር ይገባል፣ በሌላው ጭሱ ይወጣል። የሚቀጠቅጥ ነገር የለም።

በ1906 ቺካጎ ላይ መኪናውን ቢያሳይ ያገሩ ፋብሪካዎች ፊት ነሱት። ባሕር ተሻግሮ እንግሊዝ አገር ሲሄድ ግን በ1908 ዴይምለር ተቀበለው። ኋላም የቤልጅጉ ሚኔርቫ፣ የፈረንሳዩ ፓናር፣ ያገሩም ዊሊስ ተከተሉ።

ጉድለቱም አይደበቅ። በቱቦዎቹ መካከል ያለው ዘይት እየተቃጠለ ሰማያዊ ጭስ ያወጣል፤ ዘይት ይበላል፣ አሠራሩም ውድ ነው። ተራው ቫልቭ እየተሻሻለ ድምፁ ሲቀንስ የናይት ሞተር ተተወ። እሱም በ1940 አረፈ። ሆኖም ሌሎች የሠሩት ባለ አንድ ቱቦ ዓይነት በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የብሪስቶልን የአውሮፕላን ሞተሮች አገልግሏል።

ሰው ሲሞት ደግ ደጉን ብቻ ማውራት ልማዳችን ነው። ለናይት ግን ጸጥታውንም ጭሱንም አብረን ብናነሳለት ያከብረዋል እንጂ አያሳንሰውም እንላለን።