ቅዱስ ላሊበላና የአለቱ ጌጥ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

እኛ በዩኒቨርሲቲ የምንማር ወጣቶች የሮምንና የፓሪስን ሕንፃዎች ስም ቶሎ እንጠራለን። የላሊበላን ግድግዳ ቀርበን የተመለከትን ግን ስንቶቻችን ነን? ስለዚህ የጻድቁን ንጉሥ ሕይወትና በዘመኑ የተቀረጸውን ጌጥ በአጭሩ እንመልከት።

ቅዱስ ላሊበላ ከዛጔ ነገሥታት አንዱ ነው። ገድሉ እንደሚነግረን በላስታ ሮሐ በተወለደ ጊዜ ንቦች ከበቡት፤ ስሙም ንብ ንግሥናውን ዐወቀ ማለት ነው ይባላል። በዚህም ምክንያት ወንድሙ ንጉሥ ሐርቤ ስለ ዙፋኑ ሰጋ፤ እኅቱም መርዝ አጠጣችው። ሦስት ቀን እንደ ሞተ ሰው በተኛ ጊዜ መላእክት ወደ ሰማይ አውጥተው የሚያንጻቸውን አብያተ ክርስቲያናት አሳዩት። በኋላም ሐርቤ ዙፋኑን ለቀቀለት። ከንግሥት መስቀል ክብራ ጋር የኖረበት ዘመነ መንግሥቱ ከ12ኛው ምዕት ዓመት መጨረሻ እስከ 13ኛው መጀመሪያ ነበረ።

ሌሎች ግንበኞች ድንጋይ በድንጋይ ላይ ይክባሉ። የላሊበላ ጠራቢዎች ግን አለቱን ከላይ ወደ ታች እየፈለፈሉ ወረዱ። ስለዚህ ጌጡ በግድግዳው ላይ የተለጠፈ አይደለም፤ ከግድግዳው ጋር አንድ አለት ነው። ጠራቢው ለጌጡ የሚሆነውን ድንጋይ አስቀድሞ አስቦ ማትረፍ ነበረበት። መሮው አንድ ጊዜ ከሳተ የተቆረሰው አይመለስም።

በቤተ ማርያም፣ በምዕራቡ ደጅ በላይ፣ ዘንዶ የሚወጉ ሁለት ፈረሰኞች ተቀርጸዋል። በቤተ ጊዮርጊስ የላይኞቹ 12 መስኮቶች ጫፋቸው ሾጠጥ ያለ ሲሆን እንደ ሐረግ በተጠማዘዘ ቅጠል ያጌጡ ናቸው። የታችኞቹ 9 መስኮቶች ግን ድፍን ናቸው፤ በማዕዘኖቻቸውም የዝንጀሮ ራስ የሚባለው ጉጥ ወጥቶ ይታያል።

ይህ ጉጥ ከየት መጣ? በአክሱም ዘመን ግንብ ሲሠራ በድንጋዩ መካከል እንጨት ይገባ ነበር፤ የእንጨቱም ጫፍ ወደ ውጭ ብቅ ይል ነበር። በላሊበላ አለት ውስጥ ግን እንጨት የለም። ጠራቢዎቹ የአባቶቻቸውን ቤት መልክ እንዳይጠፋ በድንጋይ አስቀሩት። አንዳንድ የውጭ ጸሐፊዎች ይህን ሥራ ለባዕድ እጅ ሊሰጡት ሞክረዋል። መልሱ በዚያው ግድግዳ ላይ ተቀርጾ ይገኛል፤ ማንበብ ያለብን እኛ ነን።

አብያተ ክርስቲያናቱ በ1978 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። ነገር ግን መዝገብ ዝናብን አይከለክልም፤ አለቱ ይሰነጠቃል፣ ጌጡም ይሟሟል። እንግዲህ ለበዓል ስንሄድ ግድግዳውን ከመጫር እንቆጠብ፤ ታናናሾቻችንንም ስለ ጌጡ እናስተምር። የንጉሡን በዓል ሰኔ 12 ቀን ማክበር መልካም ነው፤ ሥራውን መጠበቅ ደግሞ የዘወትር ግዴታችን ነው።

የጻድቁ በረከት ከሁላችን ጋር ይሁን። ወስብሐት ለእግዚአብሔር።