ዴዳን ኪማቲ፦ ለውርደት የተነሳው ፎቶግራፍ ለክብር የበቃለት ኬንያዊ አርበኛ

በአውሮፓውያኑ ኦክቶበር 21 ቀን 1956 ማለዳ በኬንያ ማዕከላዊ ደጋ፣ በኒዬሪ አቅራቢያ፣ የነብር ቆዳ የለበሰ ሰው ከጫካ ሲወጣ በጥይት ቆስሎ ተያዘ። የቅኝ ገዢው መንግሥት ለዓመታት ያሳደደው የማው ማው መሪ ዴዳን ኪማቲ ነበር። እጁ በካቴና ታስሮ፣ የተገመደ ረጅም ጸጉሩ ተበታትኖ፣ እንደተጋደመ ፎቶግራፍ ተነሳ። ምስሉ በበራሪ ወረቀት ታትሞ ተበተነ። ዓላማው ተከታዮቹን ተስፋ ማስቆረጥ ነበር።

ኪማቲ በ1920 በኒዬሪ ተወለደ። በስኮትላንድ ሚሲዮናውያን በተመሠረተው የቱሙቱሙ ትምህርት ቤት ተማረ፤ በኋላም መምህር ሆነ። ጽሕፈት ይወድ ስለነበር ጫካ ከገባም በኋላ ደብዳቤና የስብሰባ መዝገብ መጻፉን አልተወም።

በኦክቶበር 1952 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ፣ መሬታቸው በነጭ ሰፋሪዎች የተወሰደባቸው በርካታ ኪኩዩዎች ወደ አበርዴርና ወደ ኬንያ ተራራ ጫካዎች ገቡ። በዚያ ብርድና ዝናብ መቀስም ሆነ ሳሙና እንደ ልብ አይገኝም። ያልተቆረጠና ያልተበጠረ ጸጉር እያደር በራሱ ይያያዛል፤ ከወራት በኋላም ገመድ መስሎ ይወርዳል። የተዋጊዎቹ ድሬድሎክ አጀማመር ይኸው ነበር፤ የሚንከባከበው ባለሙያ አልነበረውም። ሆኖም ለአካባቢው እንግዳ አልነበረም። ቀድሞም የኪኩዩና የማሳይ ጦረኞች ጸጉራቸውን አስረዝመው፣ በቀይ አፈርና በስብ እየቀቡ ይጎነጉኑት ነበር። በኢትዮጵያም በጣሊያን ወረራ ዘመን ዱር የገቡ አርበኞች ጸጉራቸውን ማሳደጋቸው ይታወሳል።

ይህ ጸጉር አደጋም ነበረው። ወደ መንደር የወረደ ተዋጊን ማንነት ያጋልጣል። የእንግሊዝ መኮንኖችም ሰው ሠራሽ ጸጉር አጥልቀውና ፊታቸውን አጥቁረው፣ ከከዱ ተዋጊዎች ጋር በመሆን ጫካውን ያስሱ ነበር። ገዢዎቹ የተገመደውን ጸጉር የአረመኔነት ማስረጃ አድርገው ለዓለም አሳዩት። የተዋጊዎቹ የመሬትና የነጻነት ጥያቄ ግን ከምስሉ ጀርባ ተሸሸገ።

ኪማቲ በኒዬሪ ለፍርድ ቀረበ። የተከሰሰው ሽጉጥና ጥይት ይዞ በመገኘት ሲሆን፣ በዚያ ዘመን ሕግ ይህ በሞት ያስቀጣ ነበር። ፌብሩዋሪ 18 ቀን 1957 በናይሮቢ ካሚቲ እስር ቤት ተሰቀለ። አስከሬኑ ለቤተሰቡ አልተሰጠም፤ ምልክት በሌለው መቃብር ተቀበረ።

ኬንያ በ1963 ነጻነቷን ብትጎናጸፍም፣ ማው ማውን ያገደው የቅኝ ግዛት ሕግ እስከ 2003 ድረስ አልተሻረም። በተሰቀለ በ50ኛ ዓመቱ፣ በ2007፣ በናይሮቢ መሐል በስሙ በተሰየመው ጎዳና ላይ ሐውልቱ ቆመ። ቀራጮቹ ጸጉሩን አላሳጠሩትም፤ በፎቶግራፉ እንደታየው ተገምዶ ይወርዳል።

የትግል ጓዱ ፊልድ ማርሻል ሙቶኒ ዋ ኪሪማ ከጫካ ይዘውት የወጡትን ጸጉር ለ70 ዓመታት ያህል ሳይቆርጡ አቆዩት። በ2022 በአደባባይ ሥነ ሥርዓት የቆረጡላቸው የመጀመሪያው ፕሬዝዳንት ባለቤት ማማ ንጊና ኬንያታ ናቸው። በቀጣዩ ዓመት ሙቶኒ አረፉ፤ ወግ ባለው ሥርዓትም ተቀበሩ። የኪማቲ ቤተሰብ ግን አጽሙን አግኝቶ በክብር ለማሳረፍ ያቀረበው ጥያቄ ለአሥርታት ምላሽ ሳያገኝ ዘልቋል።